ሰላምታ ፍሬ ነገር አይደለም

ከድጃ የወንድሟን ደብዳቤ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሳ ስትቀመጥ ክፍሉ አጨበጨበላት። ጭብጨባ ሲባል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሰባ ስምንት ልጅ ነው፣ በአንድ ዴስክ አራት አራት እየሆነ የታጨቀ፣ ያውም ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር። «ወንድሜ ዑስማን ጤንነቱ ደህና ነው። የላክንለት ሹራብ ደርሶታል። ሥልጠናውን ስለጨረሰ አታስቡ ብሎናል።» በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ቅጠል ሙሉ፣ ፊትና ጀርባውን፣ ኅዳጉን ሳይቀር በደቃቅ ጽሑፍ የተሞላ ደብዳቤ ከዚህች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ እንዲህ ተጨምቆ ወጣ። የአማርኛ አስተማሪዋ አሰገደች ከሰሌዳው ጎን ቆማ፣ ጠመኔ የነካው እጇን በጋዋኗ እየጠረገች፣ «አያችሁ? ማሳጠር ማለት ይኼ ነው!» አለች። ደስ ብሏት ነበር። ደስታዋን መደበቅ የማይሆንላት ሴት ናት፤ ንዴቷንም እንደዚያው።

ትምህርቱን የጀመረችው ከፋሲካ በፊት ነው። መጽሐፉ «ከእውነተኛ ጽሑፍ ፍሬ ነገሩን አውጥቶ በራስ ቃል ማቅረብ» ይላል፤ መጽሐፉ ግን ለስድስት ልጅ አንድ ነው፣ እሱም ቢሆን ገጹ ተቦጫጭቆ አልቋል። ምን ታድርግ? «ተረት አይሁን እንጂ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ኑ» አለቻቸው። ይዘው መጡ። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ መጣ፣ የመድኃኒት ወረቀት መጣ፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ መጣ፤ አንዱማ የቀበሌ ማስታወቂያ ከነሙጫው ከግድግዳ ልጦ አምጥቶላት፣ ማንም ሳያያት መልሳ የለጠፈችው እሷው ናት። በሰሌዳው ቀኝ ጠርዝ ላይ ማንም እንዳያጠፋው የተባለ ጽሑፍ አለ፦ ማን? ምን? የት? መቼ? ለምን? ከሥሩ ደግሞ፦ የስም ዝርዝር፣ ድግግሞሽና ሰላምታ ፍሬ ነገር አይደለም፤ ይዘለላል። የስም ዝርዝሩ የመጣው ከጋዜጣው ነው፤ አንድ የእርሻ ጣቢያ ተመረቀ ለማለት የአሥራ አራት ጓዶች ስም ከነማዕረጉ ተደርድሮ፣ አንባቢው ልጅ ምረቃው ጋ ሳይደርስ ደወል ተደወለ። ሰላምታውን የጨመረችው ደግሞ ሌላው የወሊሶ አክስቱን ደብዳቤ ይዞ መጥቶ «እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» እያለ ክፍለ ጊዜውን ከበላባት በኋላ ነው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «ሰላምታውን ዝለለው!» አለች እሷም እየሳቀች። ከዚያ ወዲህ ይዘላሉ።

ከድጃ ይህን ትምህርት ከክፍል አውጥታ ሰፈር ድረስ ይዛው ገብታ ነበር። የሰፈሩ እናቶች የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬታቸውን ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉም የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ዓይናቸው ይደናገራል፤ ስለዚህ ከጦር ካምፑም ከግንባሩም የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ መጨረሻው ከድጃ እጅ ነው። ድሮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በቃል ታነብላቸዋለች፤ እነሱም ለእያንዳንዱ ሰላምታ ጸሐፊው ፊታቸው እንደተቀመጠ ሁሉ «ደህና ነን ልጄ፣ ደህና» እያሉ ይመልሳሉ፤ አንድ ደብዳቤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አሁን ግን ዓይኗን ታሯሩጥበትና ቀና ብላ «ደህና ነው፤ ካልሲ ይፈልጋል፤ ደመወዙ ዘግይቷል» ትላለች። ባለፈው ሳምንት የቀበሌ ሱቅ ተሰልፈው ስኳር ሲጠብቁ አንዷ እናት ለአሰገደች፣ «ኧረ ይቺ ተማሪሽ ጉድ ናት! ድስቴ ሳያርብኝ ጨረሰችልኝ» ስትላት፣ አሰገደች ሰልፉ መካከል ቆማ ቁመቷ የረዘመ መሰላት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ማስተማር ውስጥ፣ የተናገረችው ነገር ከክፍሉ በር ወጥቶ ሲሄድ ያየችው ስንቴ ነው? ሁለቴም አይሞላ።

«ደብዳቤውን ስጪኝማ፣ ከዋናው ጋር አስተያይቼ ነጥብሽን ልስጥሽ» አለቻት። ቀጥሎ የተነሳው ልጅ ስለ ወባ የሚያወራ ወረቀት ይዞ ሲንተባተብ፣ አሰገደች ጥግ ላይ ካለችው ወንበሯ ተቀምጣ ቀይ እስክሪብቶዋን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። የዑስማን ጽሑፍ ጥሩ ነው። ሹራቡም አለ፣ ጤንነቱም አለ፣ ሥልጠናውም አለ፤ ልጅቷ አንድ አልሳተችም። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ተኩል ሰላምታ ብቻ ነው። ለጋሽ ሁንዴሳ ከነቤተሰባቸው ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ለእትዬ ወጋየሁ፣ እግራቸው ተሽሏቸው እንደሆነ፣ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ለወተት አመላላሹ፣ ለመድረሳው ኡስታዝ፣ ለማን፣ ለማን። አሰገደች እንደ ደንቡ ልትዘለው ነበር። አስተማሪ ሆና ነው እንጂ፣ ዋናውን ሳያዩ ነጥብ መስጠት አይሆንም ብላ ነው እንጂ፣ ትዘለው ነበር። ከገጹ ግርጌ፣ በሁለት ሰላምታ መካከል ተጣብቆ እንዲህ የሚል አገኘች፦ «ለእማ ሰላምታዬን ራሴ በአካል እንዳቀርብ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ 18 ጧት ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ሳሪስ ነዳጅ ማደያው ጋ ብቅ ትበልልኝ። ሾፌሩ መኪኖቹ ለውሃ እዚያ ይቆማሉ ብሎኛል። ከዚያ ወደ ሰሜን እናልፋለን። ለጌቱና ለኳስ ጓደኞቼ በሙሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ።»

ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ዓ.ም. ይላል፣ በራሷ ጽሑፍ፣ ከአርባ ደቂቃ በፊት የጻፈችው ነው። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ።  ልጁ ለምን እዚያ እንደሸጎጠው ወዲያው ገብቷታል፤ ከካምፕ ደብዳቤ ሳይነበብ አይወጣም፣ አንባቢው የፖለቲካ ሹምም ሰው ነውና ሰላምታው ላይ ሲደርስ ይሰለቸዋል። ዑስማን የሹሙን ስልቹነት ተማምኖ ነው የጻፈው። እህቱ ሰላምታ መዝለል እንደተማረች በምን ይወቅ!

ከድጃን ጠቅሳ ወደ ደጅ አወጣቻት።

«ይኼን ደብዳቤ ለእናትሽ አንብበሽላታል?»

«ዓርብ እንደመጣ አሳጥሬ ነገርኳት፣ ቲቸር። የማፍጠሪያ ሰዓት ደርሶባት ነበር። እሷም ባጭሩ ስነግራት ትወዳለች።»

«ይቺንስ?»

ልጅቷ የተጠቆመችውን ቦታ አነበበች። አነበበችና ደግማ አነበበች። ፊቷ ላይ መጀመሪያ የታየው ድንጋጤ አይደለም፣ የመከራከር ነገር ነው፤ ፈተና ላይ ያልተማሩት ነገር እንደመጣባቸው ልጆች። «ሰላምታው ውስጥ እኮ ነው» አለች። «ሰላምታው ጋ ስደርስ ተውኩት። ፍሬ ነገር አይደለም ብለን…»  አሰገደች የልጅቷን እጅ ይዛ ወደ ግቢው በር ሮጠች።

ዳይሬክተሩ መኩሪያ ሜዳው ላይ የስምንተኛ ክፍሎችን ለሠራተኞች ቀን ሰልፍ ያለማምዳል። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። አስተማሪ በሥራ ሰዓት ተማሪ እየጎተተች ስትወጣ ሲያይ ፊሽካውን ከአፉ አወጣና፣ «ጓድ አሰገደች! ፈቃድ የሚባል ነገር የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለ። አሰገደች ደብዳቤውን ሰጥታ ቦታውን በጣቷ አሳየችው። አነበበ። መኩሪያ ደረቅ ሰው ነው፣ ስብሰባ የማይሰለቸው፣ ግን ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፤ ትልቁ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ደፍኗል። ወረቀቱን በፍጥነት አጥፎ መለሰላትና ዙሪያውን ቃኘ። «ይኼን ለሰው አታሳዪ። የጦር መኪና የሚያልፍበት ሰዓት ነው፤ ልጁንም እኛንም ያስበላናል» አለ በሹክሹክታ። ወዲያው ደግሞ፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ! ክፍልሽን እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ ጮኸባት።

የእነ ከድጃ ቤት ከትምህርት ቤቱ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እነሱ በስምንት ደቂቃ ደረሱ። በወር አራት ብር ተኩል የሚከፈልባት፣ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች የቀበሌ ቤት ናት። አሰገደች ከዚህ በፊት አንዴ መጥታ ታውቃለች፤ ታኅሣሥ ላይ፣ ዑስማን በታፈሰ በሳምንቱ። ኳስ ሲጫወት ነው የያዙት፣ በቁምጣው፣ ሜዳውን በሁለት መኪና ከበው። እናቱ ወይዘሮ ዙሌካ ወሬውን ሰምታ እስክትደርስ ሜዳው ላይ የቀረው የልጆች ጫማና አንድ ሹራብ ነበር። አሰገደች ያን ዕለት ሹራቡ በመጋረጃው ገመድ ላይ ታጥቦ ተሰጥቶ አይታዋለች። እናትየው ስለ ልጁ ምንም አልተናገረችም፤ «ከድጃ ትምህርቷን እንዴት ናት?» ብቻ አለች። ያ ሁሉ ወር ልጇን አላየችውም። አንድ ሰዓት ተሰጥቷት ነበር፣ እሱም እየሄደ ነው።

በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ከድጃ ቁልፉን ጎተተችው፣ እንደማይከፈት እያወቀች። አጥሩ ሥር እግራቸውን ፀሐይ የሚያሞቁት እትዬ ወጋየሁ ቀና አሉና፣ «ዙሌካን ነው? ሳሪስ ወርዳለች እኮ። ሽንኩርት ስልሳ ሳንቲም ገብቷል ብለዋት በማለዳ ጆንያዋን ይዛ ወጣች። ምነው? ልጅቷ አጠፋች እንዴ?» አሉ።

ሳሪስ! አሰገደች ሳቅ ሊያመልጣት ደረሰ። ከከተማው ገበያ ሁሉ፣ ከሳምንቱ ቀን ሁሉ! ከድጃ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አላህ ራሱ ነው የወሰዳት፣ ቲቸር። አላህ ራሱ» አለች፤ እንባዋ አሁን ነው የመጣው። ገበያውና ማደያው ድንጋይ ቢወረውሩ ይገናኛሉ። እናት ሽንኩርት ስትመርጥ ልጅ ከመኪና ሲወርድ፣ ቀና ስትል፣ ሲያያት። አሰገደች ይህን ሁሉ በዓይኗ አየችው። እንደዚያ ቢሆንላት ሰሌዳውን ሁሉ በምላሷ ትልሰው ነበር።

ከሰፈራቸው ከላፍቶ ወደ ሳሪስ ያኔ መኪና የለም። ባህር ዛፉን ሰንጥቆ፣ የገበሬውን ማሳ ዳር ዳሩን ይዞ፣ ወንዙን በድንጋይ ተሻግሮ ነው። የበልግ ዝናብ ሌሊቱን ጥሎ መንገዱ ሁሉ ቡኮ ሆኗል። አሰገደች ተረከዝ ያለው ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፤ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት፣ ጋዋን እንደለበሰች፣ በባዶ እግሯ ስትሮጥ ያዩ አራሾች በሬያቸውን አቁመው አዩዋት። ከድጃ ከፊት ከፊት ትሮጥና ቆማ ትጠብቃታለች። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «የሌሎቹንም ዘልያለሁ» አለች። «የእነ ማሚቱን እናት፣ የጋሽ ሁንዴሳን… የሁሉንም ሰላምታ አላነበብኩትም።»  በእነዚያ ደብዳቤዎች ግርጌ ምን ተሸጉጦ እንደነበር፣ ማን የትኛው መንገድ ላይ ቆሞ ማንን ጠብቆ እንደሄደ፣ ፈጣሪ ይወቀው። አሰገደች «ሩጪ» አለቻት።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ከወዲያ ማዶ ወደ ወንዙ የምትወርድ ሴት አዩ። ጀርባዋ ላይ ጆንያ፣ ራሷ ላይ ቢጫ ሻሽ፣ አካሄዷ የጾመኛ ሰው አካሄድ፣ አቅሟን ቆጥባ። ወይዘሮ ዙሌካ ናት። ከገበያ ተመልሳ ነው። ሰዓቱ አራት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። አሰገደች ፊቷን ለማንበብ ሞከረች፤ ልጇን አይታ የምትመለስ ሴት ፊት ነው? አልነበረም። ሽንኩርት ገዝታ የምትመለስ ሴት ፊት ነው።

ወይዘሮ ዙሌካ አስተማሪዋን በባዶ እግሯ፣ ልጇን በእንባ ስታይ ክው አለች። «ምን አጠፋች? ተጣላች?»

«እማ፣ ዑስማን ሳሪስ ነው» አለች ከድጃ። ባጭሩ። ከዚህ ያጠረ የለም። «ዛሬ፣ አሁን፣ ማደያው ጋ። እስከ አራት ሰዓት። ደብዳቤው ላይ ነበረ።»

 የጆንያው ገመድ ከትከሻዋ ላይ ተንሸራተተ፣ ሽንኩርቱ በቁልቁለቱ ተንከባልሎ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ እሷ ግን ቀድማ ዞራ ነበር። ዘጠኝ ቀን የጾመች፣ ከሌሊቱ ጀምሮ ጠብታ ውሃ ያልቀመሰች ሴት እንዲያ ትሮጣለች ብሎ ማን ያስባል! ሻሹ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ፣ አላስተካከለችውም። አሰገደች ከኋላ ሆና የምትሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው፤ ከትንፋሹ መሀል «ጠብቀኝ፣ ጠብቀኝ» የሚል ይወጣል። አሰገደችም በልቧ ጠብቃት፣ እባክህን ጠብቃት ትላለች፤ ልጁን ይሁን ፈጣሪን፣ ማንን እንደምትለምን ሳታውቀው።

አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ማደያው ባዶ ነበር።

ባዶ ሲባል መሬቱ ተናግሯል። ከባድ ጎማ የረገጠው ጭቃ ገና ውሃ እየቋጠረ ነው፤ ቧንቧው ሥር ኩሬ ሆኗል፤ የብስኩት ወረቀትና የሲጋራ ቁራጭ ተበትኗል። ወደ ሰሜን፣ ወደ ጎተራ በሚሄደው መንገድ ላይ አንድ የጎመን መኪና ብቻ ይታያል። ወይዘሮ ዙሌካ አስፋልቱ መሀል ድረስ ገብታ ወደ ላይ አየች፣ ወደ ታች አየች፤ መኪናው ጡሩንባ ነፍቶባት ነው ከድጃ ጎትታ ያወጣቻት።  እናት ልጇን አላየቻትም። አልተቆጣቻት፣ አልመታቻት፣ ዓይኗን ብቻ ወደ እሷ አላዞረችም። ከድጃ «እማ» አለች። «እማ፣ እኔ ነኝ የዘለልኩት።»

ይኼኔ አሰገደች አላስቻላትም። «እሷ አይደለችም» አለች። «እኔ ነኝ፣ ወይዘሮ ዙሌካ። ሰላምታ አይነበብም ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ የነገርኳትን ነው ያደረገችው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን ልሁንልሽ?»  አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ አሁን መንገድ ዳር በጭቃ እግሯ ቆማ ተንሰቀሰቀች። ወይዘሮ ዙሌካ ሰማቻት፤ የሰማችው ግን እንደ ሩቅ ሰው ወሬ ነው። ዓይኗ ማደያው አጥር ሥር በላስቲክ ዳስ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ላይ አርፎ ነበር፤ ጸሐይወርቅ ትባላለች፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወደ እነሱ መጥታለች።

«ወታደሮቹን ነው? ገና አሁን ነው የተነሱት፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው» አለች ጸሐይወርቅ። «አለቃቸው ቸኮለ መሰለኝ፣ ሰዓታቸው ሳይደርስ ፊሽካ ነፋ። ጓደኞቹ ዑስማን ሲሉት የሰማሁትን ነው? አዬ! ቀጭን፣ ጠይም፣ ጥርሱ ፍንጭት?» ወይዘሮ ዙሌካ ራሷን ነቀነቀች። «እሱማ ከሁሉ ቀድሞ የወረደው ነው። ከዚህች አጥር ንቅንቅ አላለም። ያለፈችውን ሴት ሁሉ ሲያይ፣ ያለፈችውን ሴት ሁሉ ሲያይ። አንጀቴን በላውና ሻይ ልስጥህ፣ ሳንቲም አልፈልግም ብለው፣ ጾመኛ ነኝ አለኝ።»

«ይጾማል?» አለች እናትየው።

«ይጾማል እንዴታ። ሌሎቹ ሲጠጡ እሱ ከንፈሩ ደርቆ ቆመ።»

«ከስቷል?»

«ያው ወታደር ነው፣ እናቴ። ግን ደህና ነው፤ ፀሐይ አጥቁሮታል እንጂ ደህና ነው። ቁመቱ ጥሩ ነው።»

«ቁመት ጨምሯል» አለች ወይዘሮ ዙሌካ ለራሷ። ለጥቂት ጊዜ ፊቷ ላይ አንድ ነገር በራ፤ አሰገደች ያንን ብርሃን ማየት አቃታት፣ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። ከድጃ ደብዳቤውን ጨብጣ ከእናቷ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች፤ ቀርባ ልብሷን ልትይዝ እጇን ትዘረጋለች፣ መልሳ ትሰበስበዋለች።

«ፊሽካው ሲነፋ አልሄድም ብሎ ጓደኞቹ ናቸው ጎትተው የጫኑት» ብላ ቀጠለች ጸሐይወርቅ፤ ሰው ሲሰማት ወሬዋ የሚሞቅላት ሴት ናት፣ ክፋት የላትም። «ከተሳፈረም በኋላ አንገቱን አስግጎ ያያል። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል፣ ከዚያ ማዶ፣ ከገበያው በኩል ጆንያ ያዘለች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ አየና ‹እማ! እማ!› ብሎ ጮኸ፣ ወገቡን በጓደኞቹ ተይዞ። ሴትየዋ መንገዷን ቀጠለች። እኔም አጨብጭቤ ልጠራት ነበር። ‹ተያት እትዬ፣ እሷ አይደለችም። እሷ ብትሆን ድምፄን ሰምታ ዝም አትልም› አለኝ። ምስኪን። ቢጫ ሻሽ ያሰረች…»

ጸሐይወርቅ እዚህ ላይ አቆመች። ዓይኗ በወይዘሮ ዙሌካ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለው ጨርቅ ላይ ነበር። አፏን በእጇ ያዘች። «አረንጓዴም ሊሆን ይችላል» አለች ቶሎ ብላ። «እኔ ዓይኔ ደህና አይደለም፣ እናቴ። አረንጓዴ ይመስለኛል። ወፍራም ሴት ናት ደግሞ።» 

ወይዘሮ ዙሌካ ሻሹን ከትከሻዋ ላይ አወረደችና በሁለት እጇ ይዛ አየችው። ስትናገር ድምጿ እንደ ወትሮው ነበር፤ ሽንኩርት ስትከራከር እንደሚሰማው፣ ዝግ ያለ።

«መጀመሪያ ሰሞን የወታደር መኪና ባለፈ ቁጥር ቀና እል ነበር» አለች። «ሁሉም እማ ነው የሚሉት። እማ ያለኝን ሁሉ ዞሬ አየሁ፣ እሱ የለም። ቤቴ ገብቼ ሳምንት እታመማለሁ። ዙሌካ ተይ፣ አትዪያቸው፣ ልብሽ ይቆማል አሉኝ። ተውኩ።» ሻሹን አጠፈችው። ዓይኗን ወደ ጎተራ በሚሄደው መንገድ ላይ አደረገች።

«ሰምቼዋለሁ እኮ» አለች። «እማ ሲል ሰምቼዋለሁ። የሌላ ሰው ልጅ መስሎኝ ነው።»